ከዚያ በር አትለፊ

ልጄ ናታን ሰሞኑን ከእጁ የማያወጣት የጌም መጫወቻ ከደቡብ አፍሪካ የመጣች ናት። የባለቤቴ ወንድም ለመስቀል ሲመጣ ይዞለት መጣ። ከመዳፍ ትንሽ ተለቅ የምትል፣ መሀሏ ስክሪን፣ ግራና ቀኟ ቁልፍ የሆነች ዕቃ ናት፤ በውስጧ የድሮ ጌሞች ታጭቀውባታል። መቼም ሆሳዕና ውስጥ ከደቡብ አፍሪካ የማይመጣ ነገር የለም። ፎቁም፣ ሚኒባሱም፣ የሙሽራ ቀሚሱም፣ መርዶውም ከዚያው ነው።

ባለፈው እሑድ ከቸርች መልስ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ከሳሎን የእግር ኮቴ ሰማሁ። እንጨት ወለል ላይ አንድ እግሩን እየጎተተ የሚሄድ ሰው ኮቴ። ቢላዋውን አስቀምጬ ወጣሁ። ኮቴው ከመጫወቻዋ ነው፤ ናታን ሶፋው ላይ ተጋድሞ ይስቃል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ በሩ ዞራለች። "እማ፣ ይሄን የካርቶን ሰውዬ እዪው!" አለኝ ናታን። እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩት። "አንቺ ደግሞ ጌም ትችያለሽ?" ብሎ ይባስ ሳቀብኝ። ወይ የኔ ጌታ! እናቱ በሸምሱ ጌም ቤት አግዳሚ ላይ ከወንዶች እኩል የተቀመጠች ብቸኛ ሴት ልጅ እንደነበረች ከየት ይወቀው።

ልጅ እያለሁ የሸምሱ ጌም ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር። ሸምሱ የሹፌር ልጅ ነው። አባቱ የአይሱዙ ጎማ የሚያስቀምጡበትን ክፍል ለምኖ አስለቀቀና ሁለት ቲቪ፣ ሁለት ፕሌይስቴሽን አስቀመጠበት፤ በሩ ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀለ። ብርድ ልብሱን ገልጠህ ስትገባ በቀትርም ቢሆን ጨለማ ነው። የጎማው ሽታ አልለቀቀም ነበር፤ በክረምት ደግሞ የረጠበ ካልሲና የጭቃ ሽታ ይጨመርበታል። ዛሬም ጎሚስታ ቤት በር ላይ ሳልፍ ጣቶቼ ጆይስቲክ ፍለጋ ይንቀሳቀሳሉ።

ኳሱን በአንደኛው ቲቪ ይጫወቱታል። ሁለተኛው ግን "ሬሳው" ነበር። ትክክለኛ ስሙን ማናችንም አናውቅም፤ ሲዲው ላይ የተጻፈው የየት አገር ጽሑፍ እንደሆነ እንኳ አናውቅም። አንድ ሰውዬ ወደ አሮጌ ቪላ ይገባል፣ ቪላው ውስጥ የሞቱ ሰዎች እየተነሱ ይመጡበታል፣ በቃ። ለምን እንደገባ የሚነግረን ስለሌለ ሁሉም የመሰለውን ይላል። አንዱ ወርቅ ሊሰርቅ ነው ይላል፣ አንዱ ፖሊስ ነው ይላል። ወንድሜ ማርቆስ "ወንድሙን ፍለጋ ነው" አለ፤ ማርቆስ ካለ አለቀ፤ እንደዚያው ሆኖ ቀረ።

ሬሳው ላይ ሕግ ነበር። የጮኸ ይነሳል። ሬሳ ድንገት ከቁምሳጥን ሲወጣብህ "እህ" ካልክ፣ ጆይስቲኩን ታስረክብና ከአግዳሚው እስከ በሩ ድረስ የግራና የቀኙን ኩርኩም እየተቀበልክ ትወጣለህ። ምሕረት የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ልጅ ፈርቶ ሱሪውን አረጠበና "ቦኖ" ብለው አወጡለት። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ቢሮ ኖሮት፣ ከረቫት አስሮ ሲያልፍ የእኛ ዘመን ሰዎች "ቦኖ መጣ" እንላለን። ልጅነት ደግ ነው የሚል ሰው የሸምሱን ቤት አያውቅም።

እኔ አልጮህም ነበር። ማርቆስ ነው ያስተማረኝ። "አስቱ፣ ሲመጣብሽ ጥርስሽን ንከሺና በአፍንጫሽ ተንፍሺ" ይለኛል። ስሜ አስቴር ነው፤ አስቱ የሚለኝ እሱና እናቴ ብቻ ነበሩ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ወንድሜም አባቴም እሱ ነው። ጌም ቤቱ ሴት ባያስገባም የእሱ እህት ስለሆንኩ ማንም ትንፍሽ አይልም፤ ፀጉሬን መጎተትና "የማርቆስ ጅራት" ማለት ግን አልተዉም።

ቪላው ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ ከኮሪደሩ ጫፍ አንድ አረንጓዴ በር አለ። ከበሩ ወዲያ ኮቴ ይሰማል፤ ያው እግሩን የሚጎትተው። ከሸምሱ ቤት እዚያ የደረሰ ማርቆስ ብቻ ነው። በሩን ሊከፍት ሲል ወይ መብራት ይጠፋል፣ ወይ ሸምሱ ይዘጋል። መብራት በጠፋ ቁጥር ከመጀመሪያው መጀመር ስለሰለቸው አንድ ቀን ጌሙን ከደረሱበት የሚያስቀምጥ ሚሞሪ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ከክብሪት ቀፎ የማይበልጥ ግራጫ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው አረንጓዴው በር ፊት ቆሞ ሚሞሪው ውስጥ አደረ።

ማርቆስ አሥረኛ ክፍል ተፈትኖ ነጥብ አልመጣለትም። የዚያን ጊዜ በሰፈራችን ነጥብ ያልመጣለትም የመጣለትም የሚሄደው ወደ አንድ አቅጣጫ ነበር። እናቴ ባሕር ዛፉን ከነመሬቱ ሸጠች፣ ደላላ ተገኘ፣ ቸርች ተጸለየለት። ሊሄድ ሲል ሚሞሪውን በፌስታል ጠቅልሎ ቦርሳዬ ውስጥ ከተተልኝ። "ያዢልኝ። ደረስኩ ብዬ እስክደውል ከዚያ በር አትለፊ፤ ብቻሽን አትችይውም" አለኝ። ስትደውልስ ብለው፣ "ስደውል ክፈቺው" አለና ጉንጬን ቆንጥጦ ሄደ።

"ደረስኩ" የምትለዋ ቃል ያኔ በሆሳዕና ከወርቅ ትበልጥ ነበር። ልጅ የላከ እናት ሁሉ የሚጸልየው ለእሷ ነው። ስልክ የነበረው የአባቴ ታላቅ ወንድም አጎቴ ሄራሞ ሱቅ ነው። መጀመሪያ ከናይሮቢ ደወለ፣ ቀጥሎ ከማላዊ። "ትንሽ ነው የቀረኝ" አለ ተባለ። ከዚያ ዝናቡ በረታ፣ ስልኩም ዝም አለ። እናቴ "መስመሩ በዝናብ ነው" ትላለች። እኔም በየቀኑ ሚሞሪዬን ሸምሱ ቤት እሰካና አረንጓዴው በር ፊት ቆሜ ኮቴውን እሰማለሁ። ወደ ኋላ ሄጄ የቀሩትን ሬሳዎች እገድላለሁ፣ ተመልሼ እቆማለሁ። በሩን አልነካውም። ቃል ነዋ!

አዲሱ ዓመት ገብቶ ትምህርት ሲከፈት ሰው ሁሉ ደግ ሆነብኝ። ሸምሱ ወረፋ ሳልጠብቅ ያስገባኛል። ፀጉሬን ሲጎትቱ የነበሩት አግዳሚው ላይ ይጠጉልኛል። አንድ ቀን እንዲያውም አምልጦኝ "ወይኔ" አልኩ፤ ማንም ኩርኩም አላነሳም። ኮስታራዋ የሒሳብ መምህሬ ደብተር ብረሳም አልገረፈችኝም። አክስቴ መንገድ ላይ አግኝታኝ ያለ ምክንያት እቅፍ አድርጋ አፍንጫዋን ጠረገች። እኔ ቂሏ ትልቅ ልጅ ስለሆንኩ የተከበርኩ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። እንደ ወትሮዋ የምትቆጣኝና ጭኔን የምትቆነጥጠኝ እናቴ ብቻ ነበረች።

መስቀል ሊደርስ ሲል አንድ ከሰዓት በኋላ ገባሁ። ተስፉ የሚባል ልጅ እየተጫወተ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠብቆ ገና መያዙ ነው። ሸምሱ "ተነስላት" አለው። ተስፉ አልነሳም አለ። ሸምሱ ጆይስቲኩን ነጥቆ ሰጠኝ፤ እኔም በኩራት ሚሞሪዬን ሰካሁ፣ ኮሪደሩ መጣ፣ አረንጓዴው በር መጣ። ያኔ ተስፉ ከኋላዬ በለቅሶ ድምፅ፣ "ለመጫወት የግድ ወንድም መሞት አለበት እንዴ?" አለ።

ኳሱ ቲቪ ጋም ጸጥ አለ። ሸምሱ ተስፉን በጥፊ ሲመታው ከአፍንጫው ደም ዱብ አለ፤ ያ ጥፊ ነው እውነቱን የነገረኝ። ውሸት ቢሆን ይስቁ ነበር። ማንም አልሳቀም። ሁሉም የሚያዩት ቲቪውን አይደለም፣ አፌን ነው። ጥርሴን ነከስኩ፣ በአፍንጫዬ ተነፈስኩ። የጮኸ ይነሳል። እኔ አልጮህኩም። ሰውዬውን ወደ ግራ አዞርኩት፣ ኮሪደሩን ወደ ኋላ አስኬድኩት፣ መልሼ በሩ ፊት አቆምኩት። ሚሞሪዬን ነቅዬ ወጣሁ። ከበሩ ስወጣ የሰው እጅ ራሴን በቀስታ ዳሰሰኝ፤ ኩርኩም ቢሆን በስንት ጣዕሙ።

በቀጥታ አጎቴ ሱቅ ሄድኩ። "ማርቆስ ሞቷል?" አልኳቸው። አጎቴ ውሸት ነው አላሉም፤ "ማነው የነገረሽ?" አሉ። ሱቁን ዘግተው የስኳር ጆንያ ላይ አስቀመጡኝ። የጭነት መኪና ውስጥ ነበሩ፣ ከላይ ዕቃ ተጭኖባቸዋል፣ አየር አጠራቸው። ሹፌሩ በሩን ሲከፍት ማርቆስ አልፏል። እዚያው መንገድ ዳር ተቀበሩ። ይህን ሁሉ የዘይት ዋጋ እንደሚነግሩ ሰው ዓይናቸውን መደርደሪያው ላይ ተክለው ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹም፣ የቸርች መሪዎቹም መክረውበታል። በመስቀል መርዶ አይነገርም፤ በዓሉ ይለፍ፣ ሴትየዋ የዓመት ቅቤዋን ትብላ፣ ዘመድ ከየአገሩ ይሰብሰብ፣ ከዚያ ትረዳ። "እስከዚያ አፍሽን ከከፈትሽ እናትሽን የገደልሻት አንቺ ነሽ" አሉኝ። ከዚያ ከረሜላ ሰጡኝ። እግዜር ይይላቸው፣ ከረሜላ!

ጴንጤ ብንሆንም መስቀል መስቀል ነው። እኛ አገር ለመስቀል ያልመጣ ልጅ ወይ ታስሯል ወይ ሞቷል ይባላል፤ ሲቀለድ ነው የሚባለው። የዚያን ዓመት ማንም አልቀለደባትም። እናቴ ግን ደስታዋ ለጉድ ነበር። ቡላውን አበሰለች፣ ቅቤውን አነጠረች፣ የበዓሉን ምግብ አተካናውን በወተት አሽታ ስታቀርብ ቤቱ በቅቤ ሽታ ታፈነ። ለማርቆስ ደግሞ አንድ ጣሳ ቅቤ ለብቻው አስቀመጠች፣ "መንገደኛ ሲገኝ እንልክለታለን፣ የዛሬ ሳምንት ይደውላል፣ ልቤ ነግሮኛል" እያለች። አጎቴ ሄራሞ ጎርሰው እንባቸው ወረደ። "ሚጥሚጣው ነው" አሉ። እናቴ በሳቅ ፈረሰች። "ወንድ ልጅ በሚጥሚጣ ያለቅሳል?" ብላ እኔን በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፣ አብሬያት እንድስቅ። ሳቅኩ። ቤት ሙሉ ሰው ሳቀ። ከእናቴ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር።

ከሬሳው ጌም ምን ያስፈራሽ ነበር ቢሉኝ፣ ሬሳዎቹ አይደሉም። ሬሳ ቢያንስ ፊቱ ሬሳ ነው። እኔን ያስፈራኝ የዚያን ቀን በጥርሳቸው እየሳቁ በዓይናቸው እርስ በርስ የሚጠባበቁት ሰዎች ናቸው፤ አጎቴ፣ አክስቴ፣ የቸርች መሪዎቹ፣ እኔም ጭምር።

በዓሉ አልፎ እንግዳው ሳይበተን፣ ጎህ ሲቀድ ግቢያችን ውስጥ ኮቴ ተሰማ። የብዙ ሰው ኮቴ፣ ጭቃ ላይ እየተጎተተ። እናቴ ከአልጋዋ ተስፈንጥራ ተነሳች። "ደወለ! ሊያበስሩን መጡ!" አለች። ሌላ እናት ብትሆን ንጋት ላይ ጋቢ ለብሶ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር፤ እሷም ታውቃለች። ግን ልቧ እምቢ አላት። በሩን ራሷ በርግዳ ከፈተችና "ግቡ፣ ግቡ!" አለች።

ገቡ። ከዚያ ጩኸት ነው። አክስቴ ደረቷን ደቃች፣ ጎረቤት ፊቱን ነጨ፣ ከብቱ ሳይቀር ደነበረ። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። ልጩህ ብዬ ነበር፤ እምላለሁ፣ አፌን ከፈትኩት። ድምፅ አልወጣም። ጥርሴን መንከስ ለምዶብኝ ነበር። እናቴ መሬት ላይ እየተንከባለለች ሳለ በሰው እግር መሀል ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። የደረቀ ፊቴን አየች። ጩኸቷን አቋርጣ፣ በሀዲይኛ፣ በሹክሹክታ ማለት ይቻላል፣ "አንቺም?" አለችኝ።

ሌላ አልጨመረችም። ዓመታት አለፉ፣ አንድ ቀን አልደገመችውም። ፀጉሬን መሥራት ግን ተወች፤ አክስትሽ ትሥራልሽ አለች። ሴቶች ቤት መጥተው "አስቴር እኮ ሆደ ሰፊ ናት" ብለው ሲያመሰግኑኝ እናቴ ተነስታ ወደ ጓሮ ትወጣለች። አስከሬን ስላልነበረ ድንኳኑ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ፎቶውንና የተረፈ ሸሚዙን አስቀምጠው ነበር የተለቀሰው። እኔም ሚሞሪውን ሸሚዙ ኪስ አጠገብ አኖርኩት። አንዷ ለቀስተኛ ምንነቱን ሳታውቅ ከእንሰት ቅጠሉና ከጉድፉ ጋር ጠርጋ ጣለችው። ሰውዬው አረንጓዴው በር ፊት እንደቆመ ቀረ። እኔም ሸምሱ ቤት ዳግም አልረገጥኩም።

እና ባለፈው እሑድ ናታን ኳስ ሊጫወት ሲወጣ ያቺን መጫወቻ ይዤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ያ የሬሳው ጌም አርጅቷል። የሬሳዎቹ ፊት በመቀስ የተቆረጠ ካርቶን ነው፤ ትንሿ ስክሪን ላይ ደግሞ ጥራቱ ጨምሮ ይባስ ያጋልጣቸዋል። ሰውዬው እንደ አይሱዙ ነው፣ ወደ ኋላ ካልሄደ አይዞርም። ስትፈልጊ ታቆሚዋለሽ፣ በፈለግሽበት ቦታ ታስቀምጪዋለሽ፣ ሻይ አፍልተሽ ትመለሻለሽ። የኛ ፍርሃት ግማሹ መብራቱ ነበር፣ ግማሹ ኩርኩሙ። ጭን ላይ በተቀመጠች ዕቃ፣ ጀርባሽን ማንም በማይመታሽ ሶፋ ላይ፣ ማን ይፈራል? ጽሑፉም አሁን እንግሊዝኛ ሆኖ ይነበባል። ሰውዬው ቪላው ውስጥ የገባው ወንድሙን ፍለጋ አልነበረም። መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት ነው።

ያላረጀ አንድ ነገር ኮቴው ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ደርሼ አረንጓዴው በር ፊት ስቆም ያው ኮቴ መጣ፣ ያው የሚጎተት እግር። የደወለልኝ የለም። ከፈትኩት። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ወዲያ ያለው አጭር ጨለማ መተላለፊያ ነው፣ ከጫፉ አንድ ሬሳ ይመጣል። አንድ! ብቻሽን አትችይውም ያለኝ ይሄን ነው እንግዲህ። ሽጉጡን አነሳሁ።

"አስቱ" አለች እናቴ ከጥግ። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው፣ ያለ አስፈላጊ ነገርም አታነጋግረኝም። "በር ላይ ሰው አለ" አለች።

"የለም እማዬ፣ የናታን ጌም ነው።"

"ኮቴ እሰማለሁ እኮ። እግሩን እየጎተተ ነው። ደክሞታል።"

"የሞተ ሰው ነው እማዬ፣ የጌም። ሲጠጋ ተኩሼ እጥለዋለሁ።"

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከለችና ፊቷን ወደ ኮቴው አዞረች። "ከሩቅ አገር መጥቶ በር ላይ የደረሰ ሰው ይተኮስበታል እንዴ? ተይው፣ ይግባ" አለችኝ።

ጌሙ ላይ መተኮሻ ቁልፍ አለ፣ መሮጫም አለ፤ ይግባ የሚባል ቁልፍ የለም። ጣቶቼን ከሁሉም ላይ አነሳሁና መጫወቻዋን ወደ እናቴ ጆሮ አስጠጋሁላት። እግሩን እየጎተተ መጣ፣ መጣ፣ ሰውዬው ላይ ተደገፈበት። ስክሪኑ ቀላ። ኮቴው ቆመ።

"ደረሰ?" አለች እናቴ።

"ደረሰ፣ እማዬ" አልኳት።